ከትራስጌ ያለ ስልክ

ሊሞት የተቃረበ ታማሚ ጣት ስክሪኑን እየነካ ስልኩ ዝም ካለ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። የንክኪ ስክሪን ጣትን የሚለየው ሰውነት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው፤ የደረቀና የቀዘቀዘ ቆዳ ይህን በደንብ አያደርግም። እጁን ቅባት ቀብቶ ማሸት፣ ካልሆነም ለስክሪን የተሠራ እስክሪብቶ መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የጣት አሻራም በዚሁ ሰበብ እንቢ ይላል፤ ፊት እያየ የሚከፍተው ደግሞ የኦክስጅን ማስክ ሲደረግ ይቸገራል። ስለዚህ ታማሚው ፒኑን ለሚያምነው አንድ ሰው ቀድሞ ይንገር። አእምሮ መዛል ከጀመረ በኋላ ስድስት ቁጥር ማስታወስ ቀላል አይደለም።

ክንድ ቶሎ ስለሚዝል ስልኩን አያስይዙት። አንገቱ የሚታጠፍ ማቆሚያ አልጋው ብረት ላይ አጥብቃችሁ ስክሪኑን ከፊቱ 40 ወይም 50 ሳንቲሜትር አርቁት። በጎኑ ሲተኛ ስልኩንም አብራችሁ አዘንብሉት፤ የስክሪኑን መዞር ግን መጀመሪያ ቆልፉ። በቪዲዮ ጥሪ ጊዜ መስኮት ከጀርባው ካለ ፊቱ ይጠቁራል። ኦክስጅን በሚወስድ ሰው አልጋ ላይ ስልክ ቻርጅ አይደረግም፣ ትራስ ሥር ደግሞ በፍጹም፤ ሙቀቱ ታፍኖ ጨርቁ ቢያያዝ ኦክስጅኑ እሳቱን ያባብሰዋል።

አይፎን ጥሪን በራሱ እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል። እጁን ማንሳት ላቃተው እፎይታ ነው፤ ግን ገላው እየታጠበም ቢሆን ስልኩ ይነሳል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚባለውም ሁሉ ለደዋዩ ይሰማል። አስታማሚ ሁልጊዜ አጠገቡ ካለ ባይበራ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለጥሪ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱን ሕመሙ እንጂ ደዋዩ አይምረጠው፤ ማስታገሻው ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ እንቅልፍ ሳይጥለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥያቄ በማዥጎድጎድ ነው፦ «እንዴት ነዎት? ምን በሉ? አወቁኝ?» ትንፋሽ ላጠረው ሰው እያንዳንዱ መልስ ድካም ነው። «አወቁኝ?» ደግሞ ፈተና ነው። ስምን ተናግሮ፣ ወሬን አውርቶ፣ ዝምታውንም ችሎ መሰነባበት ይሻላል። ከጥሪም የድምፅ መልእክት ይበልጣል፤ መልስ አይጠብቅም፣ ደጋግሞም ይሰማል። የጤናውን ዜና ለቤተሰቡ ግሩፕ አንድ ሰው ብቻ ይጻፍ፣ የግሩፑ ማሳወቂያም ከታማሚው ስልክ ላይ ይዘጋ።

ፎቶና ቪዲዮ መቀረጽ ይፈልግ እንደሆነ መናገር ሳያቅተው ጠይቁት። አካውንቶቹንም ያኔ አስተካክሉ። ፌስቡክ ላይ ታማሚው ከሞተ በኋላ እንዲወክለው የሚመርጠው ሰው ገጹን ይጠብቃል እንጂ የግል መልእክቶችን አያነብም። የአይፎን አምራች አፕልም ከሞት በኋላ የአካውንቱን መረጃ የሚያገኙ እስከ 5 ሰው ማስመዝገብ ይፈቅዳል፤ ያኔ የሚጠየቁት የተሰጣቸው ዲጂታል ቁልፍና የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ቁልፉ ከታማሚው ስልክ ውጭ ይቀመጥ።

ታማሚው ራሱን ስቶ ዓይኑ ከተከደነ በኋላም መስማት ሊቀጥል ስለሚችል ስልኩን ድምፁን ቀንሳችሁ ወደ ጆሮው አስጠጉ፤ ደዋዩም ታማሚው እንዲሰማ የማይፈልገውን አይናገር።

ካረፈ በኋላ ሲም ካርዱን ቶሎ አታዘጉ፤ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ዋትስአፕ 120 ቀን ያልተጠቀሙበትን አካውንት ስለሚሰርዝ የድምፅ መልእክቶቹን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።