ጎማው ይቅደም፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ የምትገጣጠም ግራቭል ብስክሌት

ብዙ ሰው ፍሬም ከገዛ በኋላ ነው ጎማ የሚፈልገው። ለከተማዋ ዳርቻ ግራቭል ብስክሌት፣ ማለትም የተቆለመመ መሪና ሰፋ ያለ ጎማ ያላት የኮረኮንች ብስክሌት፣ የሚገጣጥም ሰው ግን የጎማውን ስፋትና በጎማው ዙሪያ የሚተርፈውን ክፍተት ሳይወስን ሌላ ዕቃ ላይ ብር ባያወጣ ደስ ይለኛል። እዚህ ብስክሌትን መንገድ ላይ የሚያስቀረው በዋናነት ጭቃ ነውና። ከሱሉልታ ወደ ጫንቾ ባለው ሜዳ፣ ከአቃቂ ወደ ዱከም በሚወስዱት የእርሻ መንገዶች፣ በሰንዳፋ የጤፍ ማሳዎች ዳር ብዙው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ለመጋለብም ግሩም ነው። ሐምሌ ላይ ግን ጎማው ላይ እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ፣ ጭድና ጠጠር እየለቀመ ይወፍራል፤ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ሥር ሲደርስ ጎማው መዞር ያቆማል። ጠጠር ያዘለ ጭቃ ቀለም ይፍቃል፣ ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ደግሞ እስከ ክሩ ድረስ ይበላዋል።

አምራቾች ብዙ ጊዜ በጎማው ግራና ቀኝ 6 ሚሜ ገደማ ቦታ ካለ ይበቃል ይላሉ። ለአቧራ ይበቃል፣ ለዋልካ አይበቃም። እኔ 10 ሚሜ እፈልጋለሁ። ፍሬሙ እስከ 50 ሚሜ ጎማ ይይዛል ከተባለ 42 ወይም 43 አስገብቶ የቀረውን ለጭቃው መተው ነው። ሲለካም ፎርኩን ብቻ አይቶ መተው አይገባም፤ ጠባቡ ቦታ ከፔዳሉ ኩሽኔታ ጀርባ፣ የታችኞቹ ሁለት ቱቦዎች ጎማውን አቅፈው የሚያልፉበት ነው። ሰፊ ቸርኬ ጎማውን ስለሚዘረጋው 43 ተብሎ የተጻፈበት ጎማ ውስጡ 25 ሚሜ በሆነ ቸርኬ ላይ 45 ሊደርስ ይችላል። ተነፍቶ አንድ ቀን ካደረ በኋላ በካሊፐር መለካት ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ በክረምቱ እምብርት እርጥብ ዋልካን የሚረታ ጎማ የለም፤ በነዚያ ሳምንታት ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ፣ ጠጠር ወደለበሰው ኮረኮንች መዞር ይሻላል።

ስለ ጎማ ልኬት አንድ ነገር ሳይጻፍ መታለፍ የለበትም። 700ሲ የሚባለው ቸርኬና 29 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው የማውንቴን ብስክሌት ቸርኬ ሁለቱም 622 ሚሜ ናቸው። ስለዚህ የ29 የውስጥ ጎማ፣ ስፋቱ ከተቀራረበ፣ ያለ ችግር ያገለግላል። 650ቢ እና 27.5 ደግሞ ሁለቱም 584 ናቸው። የሚያሳስተው በቀድሞዎቹ ከባድ ብስክሌቶች ላይ የሚታየው 28 በ1 ተኩል ነው፤ እሱ 635 ሚሜ ስለሆነ 622 ቸርኬ ላይ ልቅ ይሆናል። ሻጭ «ያው 28 ነው» ሲል ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ማንበብ ነው። በቁመት አጠር ላለ ሰው፣ የጫማው ጫፍ የፊት ጎማውን በመታጠፊያ ላይ የሚነካ ከሆነ፣ 584 ከ47 ሚሜ ጎማ ጋር ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለሌላው 622 እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም መለዋወጫ ስለሚገኝለት ብቻ ነው።

ጎማው ያለ ውስጥ ጎማ፣ በፈሳሽ ማሸጊያ ቢሠራ ይሻላል። ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ የግራር እሾህ አለ፣ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይም ጠርዙ ስለት ነው። በ43 ሚሜ ጎማ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ማሸጊያ ይገባል። እኔ ወደ 90ው አደላለሁ፤ በበጋው ደረቅ አየር ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ወሩ ገደማ ቫልቩን ፈትቶ 30 ሚሊ መጨመርም ያስፈልጋል። አብዛኛው ጎሚስታ ያለው የመኪና ቫልቭ አፍ ነው። ለቀጭኑ የብስክሌት ቫልቭ የሚሆነው የነሐስ መቀየሪያ ጥቂት ግራም ብቻ ስለሚመዝን ቫልቩ ላይ እንደተጠመዘዘ ይኑር። ጎማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርኬው ላይ ለማስቀመጥም የጎሚስታው ኮምፕረሰር ከእጅ ፓምፕ ይልቃል፤ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርጥቦ፣ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል አውጥቶ መንፋት ነው። ቸርኬው ጠርዙ ላይ መንጠቆ የሌለው ዓይነት ከሆነ ግን ከ5 ባር ማለፍ የለበትም፣ ኮምፕረሰር ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። ቆመው ይከታተሉት።

የንፋስ ልክ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ43 ሚሜ ጎማ ፊት 29፣ ኋላ 32 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። የውስጥ ጎማ ካለው አምስት ስድስት ይጨመርበት፤ አለዚያ ኮብልስቶን ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የውስጥ ጎማው በቸርኬው ተነክሶ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያወጣል። ከፍታው ለውጥ ያመጣ እንደሆነ የሚጠይቅ አለ። ከአቃቂ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ሲደረስ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ጎማው በመለኪያ ከ1 ፒኤስአይ ትንሽ በልጦ ይታያል፤ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ደግሞ አብዛኛውን መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ማስተካከል አያስፈልግም። ከፍታው የሚያስቸግረው ሲነፋ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ በእጅ ፓምፕ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ መግፋት ይጠይቃል። ለዚህ ነው ጣት የምታህለውን ፓምፕ ትቼ ረዘም ያለችውን፣ ከፍሬም ጋር የምትታሰረውን የምመርጠው።

ከጎማ ቀጥሎ የሚያስጨንቀኝ ማርሽ ነው። በዚህ ከፍታ ሰው ሁሉ፣ የለመደውም ጭምር፣ ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ጉልበት ነው የሚያወጣው። ለአውሮፓ ሜዳ ተብሎ የተሰናዳ ማርሽ ይዞ እንጦጦ መውጣት ጉልበት መጨረስ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢሆኑ፣ አቀበቱ 10 በመቶ ቢሆን፣ ፊት 40 ጥርስ ኋላ 42 ጥርስ ይዞ በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለዚያ ከ200 ዋት በላይ ማውጣት አለበት። ኋላ 48 ቢኖረው በዚያው አዟዟር ፍጥነቱ ወደ 6.6 ይወርዳል፣ የሚፈለገው ኃይልም ከ200 በታች ይሆናል። ፊት 29 ኋላ 38 ከሆነ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር፣ 170 ዋት ገደማ። በኮረኮንች ላይ በተረጋጋ ትንፋሽ መውጣትና ወርዶ መግፋት የሚለዩት በዚህች ልዩነት ነው።

ፊት አንድ ማርሽ ይሁን ሁለት? ሁለት ፊት ማርሽ ለአቀበት ይበልጥ የቀለለ ማርሽ ይሰጣል፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ዝላይም ጠባብ ነው። ነገር ግን የፊት ማርሽ ቀያሪው የሚቀመጠው ጭቃው ከጎማው ላይ በሚረግፍበት ቦታ ነው፤ ዋልካ ሲደርቅበት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለሱሉልታና ለሰንዳፋ ፊት አንድ 40፣ ኋላ ከ11 እስከ 48 እላለሁ። 40 በ11 በደቂቃ 90 ዙር ሲዞር 43 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቁልቁለቱ ራሱ ያደርገዋል። ጉልበቱ ለሚያንስ ወይም ጭነት ለሚጭን ሰው የፊቱን ወደ 38 ወይም 36 ማውረድ ነው።

የትኛው የማርሽ ዕቃ ስብስብ? የማይክሮሺፍት ሶርድ በ2023 የወጣ፣ ባለ 10 ማርሽ፣ በሽቦ የሚሠራ ነው። ኋላው 11-48 ሲሆን በተለመደው የሺማኖ ኤችጂ ፍሪሀብ (የኋላ ማርሾቹ የሚሰኩበት አካል) ላይ ይገጥማል፤ ሰንሰለቱም ማንኛውም ባለ 10 ነው። ለዚህ አካባቢ ልቤ ያረፈው እሱ ላይ ነው። የሺማኖ ጂአርኤክስ አሠራሩ ይበልጥ የለዘበ ነው፣ አልክድም። ግን የጂአርኤክስ ማርሽ መቀየሪያ እጀታዎች ሁሉም ለዘይት ፍሬን የተሠሩ ናቸው፤ በ10 ጥርስ የሚጀምረው ባለ 12 ካሴትም (የኋላ ማርሾቹ ስብስብ) ማይክሮ ስፕላይን የተባለ ሌላ ፍሪሀብ ይፈልጋል። በተጨማሪም የአንዱን እጀታ ከሌላው ማርሽ ቀያሪ ጋር ማዳቀል እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። የማውንቴን ባለ 11 ማርሽ ቀያሪ በሮድ (በአስፋልት ብስክሌት) እጀታ አይሠራም፤ እጀታው በአንድ ጠቅታ የሚስበው የሽቦ ርዝመት ስለሚለያይ ማርሹ ሁለት ሦስት ላይ ተስተካክሎ አምስት ላይ ይዛባል። መካኒክ ቀኑን ሙሉ ቢያጠባብቀው አይስተካከልም።

ፍሬን ላይም ሐሳቤ ያው ነው። የዘይት ፍሬን ጣት አያደክምም፤ ሽራው ሲበላም ራሱን ያስተካክላል። ነገር ግን ዘይቱና መርፌው በእጅ ከሌሉ አንድ የአየር አረፋ ሳምንት ታስቀምጣለች። የሺማኖ ማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት ከገባበት ላስቲኮቹ አብጠው ይበላሻሉ። ስለዚህ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ፣ ግን ሁለቱም ሽራ የሚንቀሳቀሱበት፣ እንደ ቲአርፒ ስፓየር ያለ፤ ዲስኩ 160 ሚሜ፣ በስድስት ብሎን የሚታሰር። ሽራው ብረት የተቀላቀለበት ይሁን፤ ሙጫማው በእርጥብ አሸዋ በአንድ ረጅም ቁልቁለት ሊያልቅ ይችላል። ዲስኩ ላይ ለሙጫማ ሽራ ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ብረታማው አይደረግበትም። የሽቦው ሽፋን የማይታመቅ ዓይነት ካልሆነ እጀታው ስፖንጅ የያዘ ይመስላል፣ ስህተቱም በከንቱ በፍሬኑ ካሊፐር (ሽራውን በያዘው ክፍል) ላይ ይፈለጋል። ሌላም አለ፦ ገበያ ላይ በብዛት ያለው የፍሬን ሽቦ ጫፉ በርሜል የሚመስል የማውንቴን ነው፤ የተቆለመመ የሮድ መሪ እጀታ የሚፈልገው ትንሿን ክብ ጫፍ ነው። ሁለት ትርፍ ሽቦ ከመጀመሪያው አብሮ ይገዛ።

ፍሬሙ ብረት ቢሆን እወዳለሁ፤ ይበየዳል ስለሚባል ግን አይደለም። የጥሩ ብረት ፍሬም ቱቦ መሀሉ 0.6 ሚሜ ሊሳሳ ስለሚችል በር የሚሠራ በያጅ በተለመደው ኤሌክትሮድ ይበሳዋል። የምወደው ሲላጥ ስለሚታይ፣ ሲሰነጠቅም ቀስ ብሎ ስለሚያስጠነቅቅ ነው። ጠላቱ ከውስጥ የሚበላው ዝገት ነው። ከመገጣጠሙ በፊት «የፈላ» ተብሎ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት፣ ሳያሞቁ፣ በየቱቦው አፍስሶ፣ እያገላበጡ አዳርሶ፣ ትርፉን አንጠፍጥፎ ሁለት ሦስት ቀን ማድረቅ። የአሉሚኒየም የመቀመጫ ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ያለ ግሪስ ከተተወ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከክረምት በፊትና በኋላ አውጥቶ መቀባት ነው። ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ጆሮ በብሎን የሚፈታ መሆኑን አረጋግጦ ሁለተኛውን አብሮ መግዛት፤ እሷ ከታጠፈች ብስክሌቷ አትሄድም፣ የሷ ቅርጽም ከፍሬም ፍሬም ይለያያል።

የፔዳሉ ኩሽኔታ በጥርስ የሚታሰር፣ 68 ሚሜ ቢኤስኤ የተባለው ልክ ይሁን። ተጨምቆ የሚገባው ዓይነት አቧራ ሲገባው ይንጣጣል። ቢኤስኤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ጽዋ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ እጅ የፍሬሙን ጥርስ ያበላሻል። ጽዋዎቹ የሚጠብቁት ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው፣ ጥርሱ ላይ ግሪስ ተደርጎ። የክራንኩ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) ሁለት ብሎኖች ከ12 እስከ 14፣ እየተፈራረቁ።

የጎማ ሀብ (የጎማው እምብርት) በታሸገ ኩሽኔታ የሚሠራውን ከመረጡ ኩሽኔታው በቁጥር ነው የሚገዛው። 6902 ማለት በውስጥ 15፣ በውጭ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሜ ነው፤ የጎማ ሽፋኑ ሁለቱንም ጎን ይዝጋ። ስፖክ 32፣ መያዣ ፍሬው ነሐስ። 24 ስፖክ ያለው ጎማ አንዱ ሲበጠስ ያኔውኑ ተጣሞ ፍሬሙን ይነካል፣ 32ቱ ግን ቤት ያደርሳል።

መሪው፣ ኮርቻውና ፔዳሉ የሰውነት ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አልልም፤ መሪው ታችኛው ክፍል ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ወደ ውጭ ቢከፈት በቁልቁለት ኮረኮንች ላይ እጅ ይረጋጋል።

ሰንሰለት ሲቆረጥ መቸኮል አይገባም። የኋላ ቱቦው 435 ሚሜ በሆነ ፍሬም ላይ 40 እና 48 ጥርስ 116 ቀለበት ይወስዳል፤ ብዙ ሰንሰለት ከሳጥኑ የሚወጣውም በ116 ነው። ትልቁን በትልቁ ላይ ጠቅልሎ፣ ማርሽ ቀያሪውን ሳያስገቡ ሁለት ቀለበት ጨምሮ መቁጠር፣ ከዚያ መቁረጥ። አጭር ከተቆረጠ አቀበት ላይ 48 ሲገባ ማርሽ ቀያሪውን ነቅሎ ይጥለዋል። መጠኑ 0.75 በመቶ ሲረዝም ይቀየር፤ ባለ 11 እና ባለ 12 ከሆነ 0.5 ላይ።

ከጭቃ በኋላ ላቫጆ መውሰድ ያጓጓል። ያ ኃይለኛ ውኃ ከኩሽኔታ ውስጥ ግሪስ ያወጣል፣ አሸዋ ያስገባል። ባልዲ፣ ብሩሽና ጨርቅ ይበቃል፤ ዋልካው እርጥብ ሳለ ይሻላል፣ ከደረቀ ቀለም ይዞ ይወርዳል። አዲስ የተገጣጠመች ብስክሌት ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የክራንኩ ብሎኖች፣ የዲስኩ ስድስት ብሎኖች፣ የመሪው መያዣና የስፖኮቹ ውጥረት እንደገና ይታይላት። የማርሽ ሽቦም በዚያ ጊዜ ሽፋኑ ቦታውን ስለሚይዝ ይላላል፤ ማስተካከያውን ሩብ ዙር ወደ ግራ ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል።