ራዶንን በተከፈተ መስኮት ለካሁት

ቤታችሁን ራዶን ልትለኩ ካሰባችሁ ይህን አስቀድማችሁ አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ራዶን ከአፈርና ከድንጋይ የሚወጣ ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ዳር ሾልኮ ይገባል። ሳንባ ውስጥ ከእሱ የሚወለደው ፖሎኒየም የሚባል ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር እዚያው ተለጥፎ አልፋ ጨረራ ይረጫል፣ የሴሉን ዲኤንኤ ይጎዳል። በአንድ ቀን አይደለም፤ በዓመታት ነው። በብዙ አገሮች ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው።

መመርመሪያውን አዘዝኩ፣ መጣልኝ። እስከዚህ ሰላም ነው።

የተበላሸው ልኬቱ ላይ ነው። የገዛሁት ባለ ከሰል፣ የአራት ቀን መመርመሪያ ነበር። ሳሎን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ጊዜው ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ቀን ከሌት ክፍት ነው። መጋረጃው ነፋስ በነካው ቁጥር የመመርመሪያውን ቆርቆሮ ዳበስ ያደርገዋል። ቆሜ አይቼዋለሁ። ያ ነፋስ ጋዙን ጠራርጎ እያወጣው መሆኑን ግን አላሰብኩም። ውጤቱ በሜትር ኩብ 70 ቤኬሬል (የጨረራ መለኪያ ነው) ሆኖ መጣ።

ወረቀቱን ይዤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ቁጥሩን አየና «ከገደቡ በታች ነው፣ አያስቡ» አለኝ። የት እንዳስቀመጥኩት አልጠየቀኝም። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር ወይ አላለኝም። ልጆቼ የሚተኙት ምድር ቤት መሆኑን ማን ይጠይቅ! እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ተኙ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከመለካቱ ግማሽ ቀን አስቀድሞ በርና መስኮት ይዘጋ የሚል መመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። አላነበብኩትም።

ሁለተኛውን፣ ለረጅም ጊዜ የሚለካውን፣ በብርዱ ወራት፣ ልጆቹ አልጋ አጠገብ፣ ሦስት ወር አስቀመጥኩት። 270 አለ። እዚያው መሥሪያ ቤት ተመለስኩ። «አሁንም ከ300 በታች ነው» አሉኝ።

ይህን አባባል አትቀበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያስቀመጠው 100 ነው። 300 እዚያ መድረስ ላልቻለ አገር የተተወ ጣሪያ እንጂ የጤና ወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ የብዙ የአውሮፓ አገሮችን መረጃ ያጣመረ ጥናት በየ100 ቤኬሬሉ የሳንባ ካንሰር ስጋት 16 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከዚህ በታች ምንም አያደርግም የሚባል ቁጥርም አይታወቅም። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ደግሞ ነገሩ በጣም ይከፋል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የሚጎዱት።

ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንኩ፤ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ከወለሉ ሥር አየር ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ቧንቧና ማራገቢያ ሳስገባ ግን በሚቀጥለው ብርድ 45 ወረደ። ከሁሉ ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ይህንኑ ነው።

የአጭሩን ልኬት ተዉት። የምትተኙበት ክፍል ለኩ፣ ያውም በብርዱ ጊዜ። ከ100 ካለፈ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። ልጆቹ ሳንባ ላይ ምን እንደደረሰ የሚያሳይ ምርመራ የለም አለኝ። አሁን አዲስ መመርመሪያ አልጋቸው ራስጌ አለ። ሦስት ወሩ ገና አልሞላም።