ፊልም ምረጪልን ያሉኝ እነሱ ናቸው

በእኛ ቤት ፊልም የምመርጠው እኔ ነኝ። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ቅዳሜና እሁድን ቤት ሲያስቀምጠን፣ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። "እስቲ ሰው ያላየውን አምጪ" ይሉኛል። ሰው ያየውንማ ጨርሰውታል። ታናሽ ወንድሜ መኪና የሚጋጭበት ፊልም አልቀረውም።

የእኔ ምርጫ ደግሞ ብዙ ብር ያልፈሰሰበት፣ ሰዎች አንድ ቦታ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ፊልም ነው። ባለፈው ክረምት "ዘ ማን ፍሮም ኧርዝ"ን አሳይቻቸው ነበር። የ2007 ፊልም ነው። አንድ አስተማሪ ሥራውን ለቆ ሊሄድ ሲል ባልደረቦቹ ሊሰናበቱት ይመጣሉ። እሱም "እኔ 14,000 ዓመት ኖሬያለሁ" ይላቸዋል። ፊልሙ እንዳለ ክርክር ነው። እማዬ ግን ገና ከመጀመሪያው አልተቀበለችውም። "ማቱሳላ እንኳ 969 ነው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለእሷ ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

ዘንድሮ ቅዳሜ ማታ በ"ሎክ" ጀመርን። ቶም ሃርዲ ብቻውን መኪና ውስጥ ነው። በሌሊት ከበርሚንግሃም ወደ ለንደን እየነዳ ስልክ ያወራል። ሌላውን ሰው ሁሉ በድምፅ ብቻ ነው የምናውቀው። ወንድሜ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "መቼ ነው የሚጋጨው?" አለ። እማዬም "ይሄ ሁሉ ስልክ! እዚያ አገር ትራፊክ የለም?" አለች።

አጎቴ ግን ተመቻችቶ ተቀመጠ። ምክንያቱም ሰውየው የግንባታ ኃላፊ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከባድ የኮንክሪት ሙሌት አለበት። እሱን ትቶ ነው መንገድ የገባው። አጎቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ፎርማን ነበር።

"ሙሌት እያለበት? ጥሎ ሄደ?" አለ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ግፍ ያየ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ያየነው በሁለት ኃላፊ ነው። ሰውየው በስልክ ለረዳቱ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አጎቴም ከሶፋው ላይ ይጨምርበታል። "ስላምፑን ሳታይ እንዳትቀበል! ሲ-25 ነው ወይስ ስንት ነው?" የኮንክሪቱን ቅጥነትና የጥንካሬ ደረጃ ማለቱ ነው። ረዳቱ "ሲደር" የሚባለውን የፖም መጠጥ እየጠጣ መሆኑ ሲታወቅማ አጎቴ ብድግ አለ። "የጠጣ ሰው ሙሌት ላይ! ወይኔ! አባርረው!" የሰውየው ትዳር እዚያው ስልክ ላይ እየፈረሰ ነበር። እሱን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም።

እሁድ ምሽት ነው እንግዲህ ጉዱ። እማዬ ቡና አቀራርባለች፤ በቆሎ እሸት ከሰሉ ላይ ነው። "ኮሂረንስ"ን ከፈትኩ። እንደ እኔ እንደ እኔ ለክረምት ከዚህ የተሻለ የለም። ስምንት ሰዎች ራት ሊበሉ ይሰበሰባሉ። በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ እያለፈ ነው። ከዚያ ነገር ይበላሻል። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዋርድ በርኪት በገዛ ቤቱ፣ በ5 ሌሊት፣ በ50,000 ዶላር ገደማ ነው የቀረፀው። ተዋናዮቹ ሙሉ ድርሰት አልተሰጣቸውም። በየቀኑ ለየራሳቸው አጭር ማስታወሻ ብቻ ይደርሳቸው ነበር። አንዱ ሌላው ምን እንደሚል ስለማያውቅ፣ ሲደነግጡ የምር ነው የሚደነግጡት።

ፊልሙ ውስጥ መብራት ጠፋ። የእኛም ቴሌቪዥን ጨለመ።

ማንም አልተነቃነቀም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛ ጨለማው ላይ አፍጥጠናል። "እንዴት ያለ ፊልም ነው ባካችሁ" አለ አጎቴ በአድናቆት። እማዬ ሲኒውን በዳበሳ እየፈለገች "ሻማ እንኳ የላቸውም እንዴ?" አለች። ነገሩ የገባት የእህቴ ልጅ፣ ሚጡ ናት።

"ፍሪጁ ዝም ብሏል" አለች።

በመስኮት ብናይ ሰፈሩ ድርግም ብሏል። ከፊት ለፊታችን የጎረቤታችን የእትዬ ቤት ብቻ ቦግ ብሎ በርቷል። የእነሱ መስመር ሌላ ነው፤ ይሄ በእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም። ወንድሜ ቢጫዋን ጃንጥላ ይዞ ሻማ ሊለምን ወደዚያው ሄደ።

እስኪመጣ "ቀሪውን ንገሪን" አሉኝ። ነገርኳቸው። ፊልሙ ውስጥም ሰፈሩ ሲጨልም አንድ ቤት ብቻ ይበራል። ሁለት ሰዎች ሊያዩ ይሄዳሉ። ችግሩ፣ የተመለሱት ሰዎች የሄዱት መሆናቸው አይታወቅም። ቤቱም ሰዎቹም ቅጂ አላቸው። የሚለዩት በትንሽ ነገር ነው፤ የእነዚህ የእጅ መብራት ሰማያዊ፣ የነዚያ ቀይ። ሚጡ እማዬ ነጠላ ውስጥ ገባች።

በሩ ተንኳኳ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገን ባትሪ ብናበራ ወንድሜ ነው። የያዘው ጃንጥላ ግን ጥቁር ነው።

"ክፈቱ እንጂ!"

"ቢጫው የት አለ?" አለ አጎቴ።

"የቱ ቢጫ? ክፈቱ፣ በሰበስኩ!"

አፉ ውስጥ የሚያላምጠው ነገርም አለ። እማዬ በበሩ ስንጥቅ አሸተተችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። "ጎመን በልቷል" አለች በሹክሹክታ። ወንድሜ በሕይወቱ ጎመን በልቶ አያውቅም። በኋላ እንደሰማነው እትዬ "ሳትቀምስማ አትሄድም" ብለው አጉርሰውታል፤ የእትዬን ጉርሻ ደግሞ እምቢ ያለ የለም።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ካለብህ ብድር ላይ ስንት ቀረህ?"

"ምን ብድር? የምን ብድር ነው የምታወራው?"

"ራሱ ነው። ክፈቱለት" አለ አጎቴ።

ወንድሜ ገብቶ ገና ጫማውን ሳያወልቅ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ሚጡ በመስኮት አየች። ቢጫ ጃንጥላ። "ሌላኛው መጣ!" ብላ ስትጮህ እኔም ቁልፉን አዞርኩት። ጅራታም ኮከብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቁልፍ ማዞር ምን ይጎዳል?

እትዬ ነበሩ። ሻማውን ረስቶት ሄዶ፣ በዚያ ዝናብ ይዘውለት መጥተዋል። "ጃንጥላም ተለዋውጦ ነው የሄደው፤ ያኛው የባለቤቴ ነው" አሉ። እማዬ እያፈረች አስገባቻቸው። ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ሳለ መብራት መጣ፤ ፊልሙንም ካቆምንበት ቀጠልን። እትዬ ነገሩ ሳይገባቸው ከእኛ ብሰው ተመሰጡ።

ብዙ ሳይቆይ ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ነው።

"እኛ ጋ ጠፋ አለኝ፤ እናንተ ጋ በርቷል ብዬው እየመጣ ነው" አሉ እትዬ።

አጎቴ እጁን ዘረጋ። "እስቲ አንዴ ስልኩን ያቀብሉኝ" አለና ጆሮው ላይ ደገነው። "ሃሎ! ምን ዓይነት ጃንጥላ ነው የያዝከው?"