ቢጫዋ የጎማ መብራት አልጠፋ ስትለኝ

ዳሽቦርዱ ላይ ቃለ አጋኖ የያዘችው ቢጫ የጎማ መብራት ሁለት ዓይነት አበራር አላት። ብልጭ ድርግም ሳትል ከበራች ጎማ ንፋስ ጎድሎታል ማለት ነው። መኪናው ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን ችግሩ ያለው ንፋሱን በሚቆጣጠረው ሲስተም ላይ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ብቻውን ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

የእኔዋ ብልጭ ድርግም ትል ነበር። መኪናዬ ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ስክሪኗ ላይ የሦስቱ ጎማዎች ቁጥር በደንብ ይታያል፤ በኋላ ግራው ጎማ ቦታ ግን በቁጥር ፋንታ ጭረት (–) ብቻ ነበር። ጎማ ካስቀየርኩ ብዙም አልቆየሁም።

ጎማው ውስጥ ሆኖ ንፋሱን የሚለካውን ሴንሰር ከማስነካቴ በፊት ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ አስለካሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያን የሚያህል ትልቅ ባትሪ ተሸክማም ኮምፒውተሮቿና መብራቶቿ የሚሠሩት በዚች ትንሿ ነው። እሷ ስትደክም እርስ በርስ የማይገናኙ የብልሽት መብራቶች ባንዴ ሊበሩ ይችላሉ፤ የጎማዋም ከነሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች። የእኔ ባትሪ ደህና ነበረች። ስለዚህ ወደ ጎሚስታ።

ጎማው ተፈትቶ ከቸርኬው ሲላቀቅ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሴንሰሩ ከቫልቩላው ሥር በውስጥ በኩል የሚታሰር ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። የእኔው አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ጎማውን ከቸርኬው ጠርዝ ገፍቶ የሚያላቅቀው የማሽኑ ክንድ ልክ ቫልቩላው አጠገብ ካረፈ ሴንሰሩን ይደቁሰዋል። ልጁ ስባሪውን እያገላበጠ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዕቃ እንዳለ ማን ነገረን?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ፣ ለጎሚስታዎቹ ያስተማራቸው የለም። አሁን ጎማ ሳስፈታ አጠገባቸው ቆሜ ማሽኑን ከቫልቩላው አርቀው እንዲጀምሩ አስቀድሜ እናገራለሁ። አንዴ ከተነገራቸው በጣም ይጠነቀቃሉ።

ሴንሰር ለመግዛት የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ስሄድ ስባሪውን ይዤ ነው። ለአውሮፓና ለቻይና ገበያ የሚሠሩት በአብዛኛው በ433 ሜጋኸርዝ የራዲዮ ሞገድ (ፍሪኩዌንሲ) ነው የሚያስተላልፉት፤ ለአሜሪካ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ በ315። በብሉቱዝ የሚሠሩም መጥተዋል። ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፣ ቸርኬው ላይም ልክክ ይላሉ፤ ያልተስማማውን ግን መኪናው አይሰማውም። ፍሪኩዌንሲውና የዕቃው ቁጥር ጀርባው ላይ ስለተጻፈ ከዚያ አመሳክሬ ገዛሁ።

መግጠሙ ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ያንን የመኪናው ኮምፒውተር ማወቅ አለበት። እየተነዱ በራሳቸው የሚለምዱ መኪኖች አሉ። የእኔዋ ግን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ዲያግኖስቲክ ማሽን ፈለገች። ባለሙያው ከመዘገበላት በኋላም ጭረቱ አልጠፋም። ሴንሰሩ ባትሪውን ለመቆጠብ መኪናው ሲቆም ስለሚተኛ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ትንሽ እንደነዳሁ ቁጥሩ ብቅ አለ፤ ቢጫዋም ጠፋች።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። በጥሩ ጌጅ ለክቼ 36 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሞላሁትን ጎማ ስክሪኑ 32 እና 33 እያለ ያሳየኛል። አራቱም ላይ ልዩነቱ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ፍንጩ እዚህ ጋ ነው፦ አንድ ሴንሰር ሊሳሳት ይችላል፣ አራቱ በአንድ ልክ ግን አይሳሳቱም።

ምክንያቱ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ እኛ ጋ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ 11 ገደማ ነው። አንዳንድ ሲስተሞች ጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ለክተው፣ ከውጭው አየር ያለውን ብልጫ ለማግኘት የባሕር ጠለሉን 14.7 ይቀንሳሉ። መቀነስ የነበረበት የእኛው 11 ስለሆነ ስክሪኑ ወደ 3.5 ያህል አጉድሎ ያሳያል። ስክሪኑ 36 እስኪል ብሞላ ጎማው ወደ 40 ይጠጋ ነበር። 1,000 ሜትር አካባቢ ወዳለችው አዋሽ ስወርድ ልዩነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የምሞላው በጌጅ ነው፤ ልኩንም የምወስደው የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ ልኩ ብዙ ጊዜ ጎሚስታው ለሁሉም ከሚሞላው 30 ይበልጣል። «ስንት ልሙላ?» ሲሉኝ ቁጥሩን ራሴ እነግራቸዋለሁ።

የምለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይለውጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት በርታ ቀትር ላይ የምትጠፋ መብራት ካለች ጎማው ከልኩ በታች አፋፍ ላይ ነው፤ በብርዱ ሰዓት እስከ ልኩ መሙላት ነው መድኃኒቱ።

ብዙዎቹ እነዚህ መኪኖች ስኮርታ ጎማ የላቸውም። በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው የሚሰጡት። ፈሳሹ የሴንሰሩን ቀዳዳ ሊደፍን ስለሚችል፣ ከተጠቀማችሁበት ጎማው ሲጠገን ሴንሰሩም እንዲጸዳ ጠይቁ። የሴንሰሩ ባትሪ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ውስጡ ታሽጎ ስለሚመጣ የሚቀየረው ከነሴንሰሩ ነው። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች የተመረተችበትን ዓመት ስታዩ ይህንንም አስቡበት።