የዲኤክሴ ሚኒሞ እና የጣርማ በር ቁልቁለት

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው የሚኒሞ (እግር ከነዳጅ ተነስቶ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ማለት የነዳጅ ብክነት ነው። ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ግን የፍሬን ጉዳይ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር መኪናውን በሁለተኛ ማርሽ የሚይዝልን ሞተሩ ነው፤ እግራችንን ከነዳጅ ስናነሳ አየር ስለሚያጥረው ወደ ኋላ ይጎትታል። ሚኒሞው ከፍ ያለ ሞተር ግን በደንብ አይዝም፣ እግር ቢነሳም ይገፋል። የጎደለውን ሁሉ ፍሬኑ ይሸከማል። ደብረ ሲና ስደርስ የጋለ ፍሬን ሽታ መኪናው ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት።

መኪናዬ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ሞተሯ ፎር ኬ፣ ባለ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ)። ከሞቀች በኋላም ትጮኻለች፤ በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳልነካ ጋሪ ቀድማ ትሄዳለች። ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ምንም ሳያይ የሚኒሞዋን ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) በካቻቢቴ አላላው። ድምጿ ወረደ፣ ከፈልኩ። በማግስቱ፣ በዚያ የኅዳር ውርጭ፣ ቾኩን (ሞተር በብርድ እንዲነሳ አየር የሚያጠበውን) ስመልስ ትጠፋለች፤ ስትሞቅ ደግሞ እንደገና ትጮኻለች። ቪቴ ማላላት ትኩሳት ያለበትን ሰው ልብስ እንደማስወለቅ ነው፤ በሽታው እዚያው ነው።

ሞተር ቆሞ የሚጮኸው ባብዛኛው ከሚገባው በላይ አየር ሲያገኝ ነው። ወይ የካርቡሬተሩ መዝጊያ እስከ መጨረሻው አይመለስም፣ ወይ ከካርቡሬተሩ በታች አየር የሚሰርቅ ቦታ አለ። የመጀመሪያውን ማየት ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ነዳጁን ይርገጥና ይልቀቅ፣ እናንተ ካርቡሬተሩ ላይ ያለው ክንድ ተመልሶ ቪቴው ላይ ማረፉን እዩ። ገመዱ ከደረቀ ወይም ቾኩ በግማሽ ከቀረ አያርፍም። የእኔ ደህና ነበር።

ስለዚህ ወደ ቱቦዎቹ ሄድኩ። ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱን ቀጭን ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ለአፍታ ቆነጠጥኩ፣ ፍሬን መርገጥን ወደሚያግዘው ሰርቮ የሚሄደውንም ጭምር። ድምጿ አልተለወጠም። ከዚያ አዲስ ሲሪንጅ ውስጥ የሳሙና ውሃ ሞላሁና ካርቡሬተሩ በተቀመጠበት መገጣጠሚያ ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ከፊት በኩል አረፋው ባለበት ቆመ። ከኋላ፣ ወደ ሹፌሩ ባለው ጥግ ግን ውሃው ስስ ድምፅ እያሰማ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ሞተሩም ወዲያው አነቀው። ተገኘ! አንዳንዶች ይህን በቤንዚን ይሞክሩታል። እባካችሁ ተዉት፤ በፎር ኬ የጭስ መውጫው እዚያው ከካርቡሬተሩ ሥር ስለሆነ በጋለ ብረት ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነው።

ካርቡሬተሩን ሳነሳ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን (አየር እንዳይገባ መሐል የሚደረገው ማሸጊያ) እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባበረ። አዲሱን አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ። አሮጌውን ፍቆ ማጽዳቱ ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው፤ ትንሽ ቅሪት ከቀረች ያው አየር ይገባል። ሲልኮን አልቀባሁም፣ ቤንዚን ይበላዋል። ዳዶዎቹን በመስቀል፣ ቀስ በቀስ፣ እኩል ማጥበቅ ነው፤ በኃይል ያጠበቀ ሰው የካርቡሬተሩን እግር ያጣምመዋል።

ቪቴው የሚነካው አሁን ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩ ተመልሶ፣ መብራቱ ጠፍቶ በደቂቃ ወደ 750 ዙር አካባቢ አወረድኳት። ዲኤክሴ የዙር መለኪያ ስለሌላት መሣሪያውን ተውሼ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ትወርዳለች። ስለዚህ ታች ሲደረስ ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ፣ ቪቴውንም እዚያ አትንኩት። ቆላ ላይ ያወረዳችሁት ሚኒሞ ደብረ ብርሃን ስትመለሱ በብርዱ ጠዋት መንገድ መሐል ያጠፋባችኋል።