ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ይዤ ኖኅ ላይ የከረምኩበት ጉዳይ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ የዘፍጥረትን ምዕራፍ 8 ጨረስኩ። በዕብራይስጡ ብቻ፣ አማርኛውን ሳልገልጥ። በጣም ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። እዚህ እስራኤል ኡልፓን (ለአዲስ መጤዎች የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት) የተማርኩት ዕብራይስጥ ለሥራና ለቢሮ ጉዳይ ይበቃል፤ መጽሐፍ ለማንበብ ግን አይሆንም። ኦሪትን የማውቃት ከቤት ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል በዓል፣ በስግድ ላይ ቄሶቻችን በግዕዝ ሲያነቡ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ኦሪት ከሰማይ የተሰጠች ናት፣ በቃ። ከዓመት ተኩል በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሙሴ አልጻፋትም፣ ብዙ ሰዎች በተለያየ ዘመን ነው የጻፏት» አለኝና መልስ አጣሁ። በንዴት ነው መማር የጀመርኩት። ግሱ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ቤት፣ ዐይን፣ ደም የመሳሰሉት ከእኛ ጋር የሚቀራረቡ ቃላት ግን ብዙ አግዘውኛል።

አላሳልፍ ያለኝ ኖኅ ነው። አማርኛውን ስታነቡ ታሪኩ ውስጥ «እግዚአብሔር» ብቻ ነው የምታገኙት ማለት ይቻላል። ዕብራይስጡ ግን ሁለት ስም ያፈራርቃል፦ ኤሎሂምና ባለ አራት ፊደሉ ስም፣ እዚህ ሃሼም («ስሙ») የምንለው። ተመራማሪዎቹ «ሁለት ጸሐፊ ነበረው» የሚሉት አንዱ ከዚህ ተነሥተው ነው። እኛ በአማርኛ ስናነብ ክርክሩ የተነሣበት ነገር ራሱ አይታየንም።

መጽሐፉ ላይ መጫር ስላልደፈርኩ ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አደረግኩ። ለሃሼም ቀይ፣ ለኤሎሂም ሰማያዊ እርሳስ። ምዕራፍ 6 ላይ ሰማያዊው ከየእንስሳው ሁለት ሁለት አስገባ ይላል። ምዕራፍ 7 ሲጀምር ቀዩ ከንጹሑ ሰባት ሰባት ይላል። ዝናቡ 40 ቀን ነው፣ ውኃው ደግሞ 150 ቀን። መጨረሻ ላይ ኖኅ መሥዋዕት ሲያቀርብ ስሙ ቀይ ነው፤ ነገሩም ይገጥማል፣ ምክንያቱም ሁለት ብቻ ካሉ አንዱን ማረድ ዘሩን ማጥፋት ነው። እውነቴን ነው፣ ያን ምሽት ሆዴ ተረበሸ። ማንም አልሰበከኝም፣ በገዛ እጄ ነው ያቀለምኩት።

ከዚያ 7፥8-9 ላይ ደረስኩ። ንጹሑንና ንጹሕ ያልሆነውን ይለያል፣ ይህ የቀዩ አነጋገር ነው። ግን ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ ይላል፣ ስሙም ኤሎሂም ነው። በየትኛው ላቅልመው? 7፥16 ደግሞ ይብሳል። በአንድ ቁጥር ውስጥ ኤሎሂም አዘዘ፣ ሃሼም በሩን ዘጋበት። ተመራማሪዎቹ ቁጥሩን ለሁለት ይከፍሉታል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን ኤሎሂም የፍርድ ስም ነው፣ ሃሼም የምሕረት ይላሉ። በዚህ ካየነው ፍርዱን ያዘዘው አንዱ ስም፣ ኖኅን የሸሸገው ሌላው ስም ነው። ታዋቂው የኦሪት ተንታኝ ራሺ 8፥1 ላይ ኤሎሂም ኖኅን አሰበ የሚለውን ሲያብራራ፣ በጻድቃን ጸሎት ፍርዱ ወደ ምሕረት ተለወጠ ይላል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። የሰባቱንና የሁለቱን ነገር ግን አልፈታልኝም።

ዘዴ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ተመራማሪዎቹ ኦሪት ከየትኞቹ ጽሑፎች እንደተሰበሰበች የሚያሳዩበትን «አራቱ ምንጮች» የሚለውን ሰንጠረዥ አስቀድማችሁ አታንብቡ። መጀመሪያ ራሳችሁ አቅልሙ። «ጥያቄ መጠየቅ ክህደት ነው» የሚሏችሁንም አትስሟቸው። ሊቃውንቱ ራሳቸው ጠይቀዋል። የሙሴን ሞት የሚተርኩትን የኦሪትን የመጨረሻዎቹን 8 ቁጥሮች ማን ጻፋቸው? ታልሙድ (የጥንት ሊቃውንት ክርክር የተሰበሰበበት መጽሐፍ) ውስጥ አንዱ ኢያሱ ሲል፣ ሌላው ሙሴ ራሱ በእንባ ጻፈው ይላል። ሌላው የኦሪት ተንታኝ ኢብን ዕዝራ ደግሞ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቁጥሩን ወደ 12 አሳድጎታል። ስሞቹን እየለየ ታሪኩን የከፋፈለው ፈረንሳዊው ሐኪም አስትሩክም በ1753 ያን ሲያደርግ ጸሐፊው ሙሴ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሙሴ ከድሮ ጽሑፎች ቀዳ ነው ያለው።

አሁን የምይዘው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪው ራቭ (ረቢ) መርዶካይ ብሮይየር ይጠጋል። ልዩነቱን አይክድም። ተመራማሪዎቹ ያዩት ሁለት ድምፅ እውነት አለ፣ ግን ሁለቱንም የተናገረው አንድ አምላክ ነው ይላል። ያሳርፈኛል። ያሳረፈኝ እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ስለፈለግኩት? ይህን ገና አልለየሁም። ሌላም ልናገር። ለሦስት ሳምንት ያቀለምኳቸውን ወረቀቶች ከአባቴ ደብቄ ነበር። ቅዳሜ አብረን የምናነበውንም ሰበብ እየፈጠርኩ ቀረሁ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ባለፈው ሳምንት አሳየኋቸው። ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩትና «ሰማያዊው ይበዛል» አሉኝ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው አብረን መቁጠር ጀመርን።

7፥9ን እስካሁን ሳላቀልም ትቼዋለሁ። ከእናንተ መካከል ኦሪትን በግዕዝ የሚያነብ ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚል ጻፉልኝ። ግዕዙ ከግሪኩ የተተረጎመ ስለሆነ ስሞቹን እንዴት እንዳስተናገዳቸው ማየት እፈልጋለሁ።