ቡናማዋስ?

የምሠራው ሮም ውስጥ፣ ስኩተር ብቻ በሚጠገንበት ጋራዥ ነው። አዲስ አበባ መኪና ሥር ተኝቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚህ ሥራ ስጀምር ቋንቋው ያዋርደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌው አለቃዬ ማቀጣጠያውን «ካንዴላ!»፣ የጭስ ማውጫውን «ማርሚታ!» እያለ ሲጣራ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለካ እኛም ጋራዥ ውስጥ ዕድሜ ልካችንን ጣልያንኛ ስናወራ ነው የኖርነው።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ አንዲት ልጅ ገባች። ቀጠን ያለች፣ ሠላሳም የሞላት አትመስልም። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?»

«ነኝ፣ ግቢ።»

ቼንቶቼሌ ሰፈር ነው የምትኖረው። ፓሪዮሊ ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እዚያ መድረስ አለባት፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። የመኪና መንጃ ፈቃድ አላት። እዚህ አገር በእሱ እስከ 125 ሲሲ ድረስ መንዳት ይቻላል።

በር ላይ ሁለት ቬስፓዎች ቆመው ነበር። አንዷ ፒኤክስ 125፣ በፈረንጆቹ የ1983 ሥሪት፣ ነጭ፣ የፋብሪካ ቀለሟ ያልተነካ። ሁለተኛዋ ኤልኤክስ 125፣ የ2010፣ ግራጫ። ልጅቷ ቀጥታ ወደ ነጯ ሄዳ መቀመጫዋን ዳበሰቻት።

«ይቺን ወደድኳት።»

ሰው አሮጌ ሲባል ርካሽ ይመስለዋል። ነጯ 2,800 ዩሮ ነበረች። ግራጫዋ 1,400። ይህን ስነግራት እጇን ከመቀመጫው አላነሳችም።

«የኔ እናት፣ ፎቶ ልትነሺባት ነው ሥራ ልትሄጂባት?»

«ሁለቱንም አይቻልም?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው አንደበቴ የተፈታው። ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳት። ግራ እጅሽ ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፣ እንደጨበጠ አንጓሽን አዙረሽ ማርሽ ትቀይሪያለሽ፣ አራት ማርሽ አላት። የኋላ ፍሬኗ በቀኝ እግር ነው። ቤንዚን ስትሞይ ዘይት ትቀላቅያለሽ፣ ለአምስት ሊትር አንድ መቶ ሚሊ ሊትር። አንድ ቀን ረስተሽ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ብትሞይ ፒስተኗ ደርቆ ይነክሳል፣ የኋላ ጎማሽ መንገድ መሐል ቀጥ ይላል። የሮም የድንጋይ ንጣፍ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፣ የፊት ፍሬኗ ደግሞ የድሮ ታምቡር። በክረምት፣ ገና ሳይነጋ፣ አሥር ጊዜ ትረግጫታለሽ፣ በአሥራ አንደኛው ትነሣለች።

«ግራጫዋስ?»

«ቁልፍ ታዞሪያለሽ፣ ትነሣለች። ነዳጅ ትሰጫታለሽ፣ ትሄዳለች። ፍሬን ትይዣለሽ፣ ትቆማለች። በቃ።»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝን እስካሁን አልረሳውም።

«ጋሼ፣ ስለዚያችኛዋ ስታወራ ግን ለምንድነው ፈገግ የምትለው?»

ያለመድኩትን ሳል ሳልኩ።

እውነት ነው፣ ያልነገርኳት ነገር ነበር። ለምሳሌ ጎማዋ በአምስት ብሎን እንደ መኪና ጎማ እንደሚፈታ፣ መለዋወጫ ጎማ ደግሞ በግራ ጎኗ ቆርቆሮ ሥር ይዛ እንደምትዞር። አለቃዬ ይህን ሲያወራ አይጠግብም። ቬስፓን የነደፈው ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፣ ሞተር ሳይክል የሚባል ነገር አይወድም። ጎማ ሲተነፍስ መቀየሩ ጣጣ ነው፣ ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል ይላል። ስለዚህ በ1946 የፊት ጎማውን ልክ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠለው፣ ሰንሰለቱንም አስቀረው። ባትሪዋ ቢሞት እንኳ ፒኤክስ በርግጫ እንደምትነሣም አልነገርኳት። የማርሽ ገመዷ ቢበጠስ መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ ትቀይራለህ። ኮምፒዩተር የላትም። የሚሰማህን ሁሉ በጆሮህ ትሰማለህ።

ልጅቷ ግን ሥራ አለባት፣ አሮጊት ትጠብቃታለች። ምክሬ ትክክል ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምመክረው።

ግራጫዋን ወሰደች። ከመውሰዷ በፊት እንደ ገዛ ልጄ ሆኜ ፈተሽኩላት። የጎን ክዳኑን ፈታሁ፣ ችንጋውን፣ ማለትም ቀበቶውን፣ በጣቴ ለካሁ፣ ሮለሮቹን አየሁ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ የፊት ፍሬን ሸራ አዲስ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ነዳኋት። ሻጫችን ቁልፉን አስረከባት። ስለ ሻጫችን ብዙ አልልም። ጸጉሩን በመቀባት የሚያጠፋውን ጊዜ ግማሹን ወረቀት ቢያነብበት ኖሮ ትልቅ ሰው በሆነ ነበር። ግራጫዋን በልዋጭ የተቀበላት እሱ ነው፣ ምን ይዛ እንደመጣች የሚያውቀውም እሱ ነው። አንዲት ቁልፍ፣ ጭንቅላቷ ሰማያዊ፣ ቆንጆ ማንጠልጠያ ገዝቶላታል። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ዓይኔ አይቷል፣ ልቤ ግን ማርሚታው ላይ ነበር።

በታኅሣሥ ደወለች። ቁልፉ ጠፍቷል። አሮጊቷ እየዘነጉ ነው፣ ያገኙትን ሁሉ ይደብቃሉ። አንድ ቀን መነጽራቸው ከማቀዝቀዣው ተገኝቷል። ልጅቷ ቤቱን ሙሉ በርብራ ስታጣ ቁልፍ ቀራጭ ጠራች፣ እሱም ከመቆለፊያው ለክቶ አዲስ ቀረጸላት። ቁልፉ ይገባል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ።

በጭነት መኪና አስመጣናት። አለቃዬ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። ሞተሩን አልጠየቀኝም፣ ባትሪውን አልጠየቀኝም።

«ኤ ላ ማሮኔ?» አለኝ።

ቡናማዋስ?

ሙያውን ለማያውቅ ልንገር። እነዚህ ስኩተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ሁለት ዓይነት ቁልፍ አላቸው። ሰማያዊዋ የየዕለት ናት። ቡናማዋ ግን እናት ናት። ለኮምፒዩተሩ «ይህች አዲሲቱ ቁልፍ የእኛ ናት፣ አስነሣላት» ብላ የምታስተዋውቀው እሷ ነች። እሷ ከሌለች ኮምፒዩተሩ ማንንም አያምንም፣ እሱ ራሱ ተነቅሎ ሌላ ይገባል። እና ያገለገለ ስኩተር ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ችንጋውን አይደለም። ይህን እኔ አውቃለሁ። ለሌሎች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ!

ኮምፒዩተሩና ቁልፎቹ 400 ዩሮ ገደማ ፈጁ። የእጅ ዋጋ አላስከፈልኳትም። እሷም አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም፣ ያ ነው የባሰብኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ወደ ሻጩ ሄድኩ። «አንዲት ቁልፍ ብቻ እንዳላት እያወቅህ እንዴት ዝም ትላለህ?» አልኩት።

«አንተ መካኒክ ነህ፣ መጠየቅ የአንተ ነው» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። «ደግሞ እኮ ልጅቱ ነጯን ነበር የፈለገችው። ያስቀየርካት አንተ ነህ። ለምን ይሆን?»

እጄ ላይ የ13 ብሎን መፍቻ ነበር፣ እግዚአብሔር ጠበቀው። አሁን ሞባይል ይሸጣል አሉ። ሞባይል ለሚገዙት ጸሎት ያስፈልጋቸዋል።

በፋሲካ ሰሞን ልጅቷ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ግራጫዋ በር ላይ ቆማለች፣ ጤነኛ፣ አንድም ቀን አላስቸገረቻትም። ከኪሷ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ አወጣች፣ ከነማንጠልጠያዋ። ከአሮጊቷ የልብስ ስፌት ሣጥን ውስጥ፣ ከክር ጥቅልሎች ሥር ነው የተገኘችው።

«አሁን ትሠራ ይሆን ጋሼ?»

«አትሠራም። አዲሱ ኮምፒዩተር አያውቃትም።»

ቁልፏን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን ወደ በሩ ዘወር አደረገች፣ ነጯ ቆማ ወደነበረችበት።

«ያቺስ የኔ ቆንጆ?»

«ተሸጠች።»

«ወይኔ! በስንት?»

«ትንሽ ቀንሰው ሰጡ» አልኩ፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ።

ለማን እንደተሸጠች አልጠየቀችኝም። ድፎውን ቆርሰን በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ብዙ አወራን። በር ድረስ ሸኘኋት። የራስ ቁሯን አጥልቃ መንገዱን ተሻግራ እስክትታጠፍ ጠብቄ፣ በጓሮ በር ወጣሁና ቤንዚኑን ከፈትኩ። በሦስተኛው ርግጫ ተነሣች።